ያልታየው ተመዝኗል፤ ስለ ጨለማ ቁስና ስለ ጨለማ ኃይል ተረቱና እውነታው

መርጡለ ማርያም ከአባይ ሸለቆ አፋፍ ብዙም ሳትርቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከመብራቱ ጥቂት ራቅ ላለ ሰው ፍኖተ ሐሊብ ተዘርግታ ትታያለች፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ በመብራት ብዛት ያጣው ሰማይ በምሥራቅ ጎጃም ገና አለ። ያ ሁሉ ብርሃን ግን የሰማዩ ጥቂቱ ክፍል ነው። ኮከቡ፣ ፕላኔቱ፣ ጋዙ፣ አቧራው፣ ምድርና በላይዋ ያለው ሁሉ ቢደመር ከዩኒቨርሱ 5 ከመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። 27 ከመቶ ገደማው ጨለማ ቁስ፣ 68 ከመቶ ገደማው ደግሞ ጨለማ ኃይል የሚባለው ነው። ይህ አኀዝ ዛሬ ከመማሪያ መጽሐፍ ቀድሞ በእጅ ስልክ ሰው ዘንድ ይደርሳል፤ ተረትም አብሮት ይደርሳል። ጨለማው የአጋንንት ማደሪያ ነው የሚል አለ፤ ሳይንቲስቶች ያልገባቸውን ለመሸፈን የፈጠሩት ስም ነው የሚል አለ፤ ከባዶ ቦታ ነፃ መብራት ይወጣል የሚል፣ ሰማይ እየተቀደደ ስለሆነ የዓለም ፍጻሜ ደርሷል የሚልም አለ። እነዚህ አባባሎች እርስ በርስ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። የአንድን ነገር መኖር ማወቅና ምንነቱን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ወገን ምንነቱ ስላልታወቀ መኖሩንም ይክዳል፤ ሌላው መኖሩ ስለተረጋገጠ ምንነቱን በፈለገው ይሞላዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ከስሙ እንጀምር። «ጨለማ» በእኛ ቋንቋ ከባድ ቃል ነው። ከኃጢአት፣ ከድንቁርናና ከክፉ መንፈስ ጋር አብሮ የኖረ ስለሆነ፣ «ጨለማ ኃይል» የሚለውን የሰማ ሰው ሐሳቡ ወደ መንፈሳዊው ዓለም ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዲማ ጊዮርጊስና የጎንጅ የቅኔ ሊቃውንት ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ባስተማሩበት አገር ይህን መለየት ሊከብድ አይገባም፤ እዚህ ላይ ስሙ ሰሙ ነው፣ ወርቁ ሌላ ነው። ጥቀርሻ በእርግጥ ጨለማ ነው፤ ያረፈበትን ብርሃን ውጦ ያስቀራል፣ ከበስተኋላው ያለውንም ይጋርዳል። ጨለማ ቁስ ግን ብርሃንን አይውጥም፣ አይመልስም፣ አይጋርድም፣ ራሱም አያበራም። ከስበቱ በቀር ብርሃን ምንም እንዳልገጠመው ሆኖ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ከጥቀርሻ ይልቅ ወደ ጥሩ መስታወት ይቀርባል፣ ከመስታወትም ይበልጥ የጠራ ነው። በእኛ የሰማይ አካባቢ ያለው መጠን ሲሰላ፣ በማንኛውም ቅጽበት ምድርን በሚያህል ቦታ ውስጥ የሚገኘው ጨለማ ቁስ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ባለው መካከል ነው። በቤታችንም በሰውነታችንም ያልፋል፤ ከአቶሞቻችን ጋር ስለማይጋጭ አንሰማውም፣ አይጎዳንም። ጨለማ ኃይል ደግሞ ከጨለማ ቁስ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ቁሱ ይስባል፣ በጋላክሲዎች ዙሪያም ይከማቻል፤ ኃይሉ የዩኒቨርሱን መስፋፋት ያፋጥናል፣ እስካሁን በተለካው መጠንም በሁሉም ቦታ እኩል የተዘረጋ ነው። «ስውር» የሚለው ቃል ለሁለቱም ከ«ጨለማ» የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሳይንሱ የሚለው ተሰውሯል እንጂ ጨልሟል አይደለምና።

ማንም ያላየው ነገር እንዴት ተመዘነ? መልሱ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ከማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ የሚያሽከረክር የሰብል ጠባቂ፣ ድንጋዩን ባፈጠነ ቁጥር ገመዱ ይበልጥ እንደሚወጠር ያውቃል። ገመዱ ከሩቅ ባይታይ እንኳ፣ ድንጋዩ በዚያ ፍጥነት እየዞረ ተስፈንጥሮ ካልሄደ የሚይዘው ነገር መኖሩን፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚይዘውም ማስላት ይቻላል። በሰማይ ገመዱ ስበት ነው። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችው ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች፤ ሩቁ ኔፕቱን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ከስበቱ ምንጭ በራቁ ቁጥር ገመዱ ይላላል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። የጋላክሲ ኮከቦች መሃል ላይ ስለሚበዙ፣ ዳር ዳሩን ያሉት እንደ ኔፕቱን ዝግ ሊሉ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የአንድሮሜዳ ጋላክሲን ሽክርክሪት ለክተው ሲያወጡ ግን ዳሩ ዝግ አላለም። በሌሎች በርካታ ጋላክሲዎችም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ከእነሱ ቀደም ብሎ በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ በጋላክሲዎች መንጋ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር፤ የሚታየው ቁስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ መንጋ ተበትኖ ባለቀ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የሚይዘው ገመድ ከሚታየው ቁስ እጅግ የበረታ ነው።

«ያላየሁትን አላምንም» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ጥንቃቄ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ግን አገራችን ራሷ ከጥንት የምታውቀውን የማስላት ጥበብ ይዘነጋል። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሌላውን ሳይፈልግ ያውቀዋል። መሪጌታው ጨረቃን ሳያይ፣ በደመናማ ክረምት ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ፣ የመጪውን ዘመን ነነዌና ፋሲካ ያወጣል፤ ዕለቱም ሲደርስ ስሌቱ ይይዛል። የማይታይን ከሚታይ አውጥቶ ማግኘት ማለት ይህ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ፣ በምሥራቅ ጎጃምም በአብዛኛው ስትሸፈን፣ ሰዓቱና ቦታው ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ ታውቆ ነበር። ያንን ቀን በትክክል ያስቆጠረው የስበት ሕግ ነው ጋላክሲዎች ከሚታየው በላይ ይመዝናሉ የሚለው። ሕጉን ለግርዶሹ ተቀብሎ ለጋላክሲው ለመካድ ምክንያት ያስፈልጋል።

ያ ምክንያት ሊኖር ይችላል የሚሉ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ከሁሉ የጠነከረው ስለሆነ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ሕጉ በትንሽ ርቀት ይሠራል፣ በጋላክሲ ስፋት ግን የተለየ ቢሆንስ? ታሪክ ለሁለቱም ወገን ምስክር አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን የፕላኔቷ ዩራነስ አካሄድ ከስሌቱ ሲዛነፍ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ለቬሪዬ ያልታየ ፕላኔት መኖር አለበት ብሎ ቦታውን አሰላ፤ በ1846 ኔፕቱን እዚያው አቅራቢያ ተገኘ። ያው ሰው የሜርኩሪን ዝንፈት ለማስረዳትም ሌላ ስውር ፕላኔት አለ አለ። ያኛው ፈጽሞ አልተገኘም፤ የጎደለው ፕላኔት ሳይሆን አዲስ የስበት ትምህርት ነበር፣ እሱንም አይንስታይን በ1915 አመጣው። ስለዚህ በ1983 ሞርደሃይ ሚልግሮም ሕጉን እንለውጥ ብሎ ሲነሳ ያቀረበው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ግን በ2006 የተጋጩ ሁለት የጋላክሲ መንጋዎች ጥናት ወጣ። በግጭቱ የተራው ቁስ ትልቁ ክፍል የሆነው ጋዝ እርስ በርሱ ተጋጭቶ መሃል ላይ ቀርቷል፤ ስበቱ ግን ከጋዙ ጋር አልቀረም፣ አልፎ ሄዷል። ስበቱ ያለበት ቦታ የታወቀው ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን ሲያጎብጥ በመታየቱ ነው። ስበቱ አብዛኛው የሚታየው ቁስ ከሌለበት ቦታ ላይ ሲገኝ፣ የሚታየውን ቁስ ስበት በመቀየር ብቻ ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። በዚህ ላይ ከ1965 ጀምሮ የታወቀው፣ ዩኒቨርሱ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀው የጥንት ብርሃን አለ፤ ፕላንክ የተባለው ሳተላይት ይህንን ብርሃን ለክቶ ያወጣው የቁስ ድርሻ ከጋላክሲዎቹ ምስክርነት ጋር ይገጥማል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሲሰጡ ዳኛ ያምናል። የጨለማ ቁስ ቅንጣት ግን እስካሁን በየትኛውም ቤተ ሙከራ አልተያዘችም፤ መኖሩ ተለክቷል፣ ምንነቱ አልታወቀም። የተመራማሪዎቹ ነገር ደግሞ ተረቱ እንደሚለው መሸፋፈን አይደለም። ኢትዮጵያዊው የኮስሞሎጂ ተመራማሪ አማረ አበበ በደቡብ አፍሪካ ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት መስክ ራሱ፣ የስበትን ትምህርት በመለወጥ የእነዚህን ስሞች አስፈላጊነት የሚፈትን ነው።

ከጨለማ ቁስ ወደ ጨለማ ኃይል ለመሻገር ከዩኒቨርሱ መስፋፋት መነሳት ያስፈልጋል። ስለ መስፋፋቱ ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ቦታ ላይ የፈነዳ ነገር ፍንጣሪው ወደ ባዶ ቦታ ሲበተን ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ድፎ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ያለውን ጥቁር አዝሙድ አስቡ። ሊጡ ኩፍ ሲል ፍሬዎቹ በሊጡ ውስጥ አይሄዱም፣ ግን ሁሉም ከሁሉም ይራራቃል፤ የትኛውም ፍሬ ላይ ብትቆሙ ሌሎቹ ከእናንተ የሚሸሹ ይመስላል፣ የራቀው ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ምሳሌው የሚያንሰው ሊጥ ዳርና ቡሃቃ ስላለው ነው፤ ዩኒቨርሱ የሚገባበት ቡሃቃ አያስፈልገውም፣ የሚዘረጋው ቦታው ራሱ ነውና። የአዝሙዱ ፍሬ ራሱ እንደማይነፋ ሁሉ፣ በስበት የተያያዙት ፀሐይና ፕላኔቶቿ፣ ፍኖተ ሐሊብም አይሰፉም። የቤታችን ስፋት፣ የአባይ ሸለቆ ጥልቀት በዚህ ምክንያት አይለወጥም።

ይህን መስፋፋት ቤልጅጋዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር በ1927፣ ኤድዊን ሃብል በ1929 ካሳዩት በኋላ የሁሉም ጥያቄ ምን ያህል እየዘገየ ነው የሚል ነበር። ስበት ወደ ኋላ ስለሚጎትት መዘግየቱ አያጠራጥርም ነበርና። ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ይህን ለመለካት ሱፐርኖቫ የሚባሉ የሚፈነዱ ኮከቦችን ተጠቀሙ፤ አንድ ዓይነት የሆኑት ብርሃናቸው ስለሚመሳሰል፣ እንደ ሩቅ ፋኖስ ድብዘታቸው ርቀታቸውን ይናገራል። በ1998 ያገኙት ከጠበቁት ተቃራኒው ነበር። ሩቆቹ ከሚገባው በላይ ደብዝዘዋል፤ መስፋፋቱ አልዘገየም፣ ፈጥኗል። የብራያን ሽሚትና የአዳም ሪስ ቡድን፣ የሶል ፐርልሙተርም ቡድን እየተፎካከሩ እዚያው ደረሱ፤ ሦስቱም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አቧራ ጋርዷቸው ይሆናል የሚል ተቃውሞ ወዲያው ተነስቶ ነበር፤ የጥንቱ ብርሃንና የጋላክሲዎች አሰፋፈር ግን አቧራ ሊያዛባው በማይችል መንገድ ያንኑ መለሱ። ፍጥነቱ መጨመር የጀመረው ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ፀሐይ ከመወለዷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሰማይ ሊቀደድ ነው ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህ አኀዝ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ባዶው ቦታ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ተረት ያለው እዚህ ነው። ባዶ ማለት ምንም ማለት አይደለም። አየሩ ሁሉ ቢወጣ፣ የመጨረሻው አቶም ቢጠረግ እንኳ፣ በኳንተም ፊዚክስ ሕግ ቦታው ፈጽሞ ዝም አይልም፤ ሊወርድ የማይችል ዝቅተኛ ኃይል ይቀረዋል። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካዚሚር በ1948 ሁለት የብረት ገጾች በባዶ ቦታ እጅግ ቢቀራረቡ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋል ብሎ አሰላ፤ በ1997 ስቲቭ ላሞሮ በጥንቃቄ ለክቶ አረጋገጠው። ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች የማያልቅ ነፃ ኃይል በየቦታው ፈስሷል፣ መሣሪያውን የደበቁብን ኃያላኑ ናቸው ይላሉ። መብራት ሳይገባለት የኖረ ቀበሌ ይህን ሲሰማ ልቡ መነሳቱ ስለማይቀር፣ ሐሰቱ በግልጽ መነገር አለበት። ገጾቹ ሲቀራረቡ የምታገኙት ጥቂት ኃይል አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መልሶ ለማለያየት ያንኑ ያህል ትከፍላላችሁ። ወደ አባይ ሸለቆ ከአፋፉ የለቀቃችሁትን ድንጋይ እንደገና ለመልቀቅ ተሸክሞ መውጣት አለ። ተርባይን የሚዞረው ውኃ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው፤ ባዶ ቦታ ግን የመጨረሻው ታች ነው፣ ከእሱ በታች የሚወርዱበት የለም።

መጠኑም ቢታይ ነገሩ ያልቃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል፤ ምሥራቅ ጎጃምን ከቦ የሚወርደው አባይ የሚሞላው ሐይቅም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህን ሐይቅ የሚያህል ቦታ ውስጥ ያለው ጨለማ ኃይል በሙሉ ቢሰበሰብ 40 ጁል ገደማ ነው፤ ይህም የ10 ዋት አምፖል ለ4 ሰከንድ ያበራል። በክብደት ብንለውጠው፣ ምድርን የሚያህል ቦታ የያዘው ጨለማ ኃይል ከ6 ሚሊ ግራም ብዙ አይበልጥም፤ ሃያ ገደማ የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ነገር እንዴት የዩኒቨርሱን 68 ከመቶ ይይዛል? በጋላክሲዎች መካከል ያለው ስፋት ከምናስበው በላይ ስለሆነ ነው። ኮከብና ፕላኔት በጥቂት ቦታ ተከማችተዋል፤ ይህ ግን የትም አይጎድልም፣ ምድርን በሚያህል በየትኛውም ባዶ ስፍራ ያችው ሃያ ፍሬ ተዘርታለች።

እዚህ ላይ ለሳይንሱ የሚያሳፍረውም መነገር አለበት። የባዶ ቦታ ኃይልና ጨለማ ኃይል አንድ ናቸው ብሎ እንደተፈታ ነገር የሚያወራ ሰው ተሳስቷል። አይንስታይን በ1917 በእኩልታው ያስገባው ቋሚ ቁጥር የተለካውን መፍጠን ጥሩ አድርጎ ይገልጻል፤ ያ ቁጥር የባዶ ቦታ ኃይል ነው ብሎ መገመትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንን ኃይል ከኳንተም ፊዚክስ በቀጥታ ሊያሰሉት ሲሞክሩ፣ ውጤቱ ከተለካው ከ1 ቀጥሎ እስከ 120 ዜሮ በሚደርስ ብዜት ይበልጣል። ይህን ያህል ልዩነት የትንሽ ስህተት ውጤት አይደለም፤ መሠረታዊ ነገር ገና እንዳልገባን ያሳያል። መፍጠኑ መለካቱ እርግጥ ነው፤ የመፍጠኑ ምክንያት ግምት ነው።

ከሃይማኖት በኩል የሚመጣውን ደግሞ በአክብሮት ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ኢሳይያስ ስለ ሰማያት መዘርጋት የተናገረውን የመስፋፋቱ ትንቢት ያደርገዋል፤ ሌላው ይህ ሁሉ ክህደት ነው ይላል። ሁለቱም መጽሐፉን ከቴሌስኮፕ ጋር ያስሩታል። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሊቅ አንድ ቃል ብዙ ፍች እንዳለው ያውቃል፤ ዛሬ በተለካ አኀዝ ላይ እምነቱን ቢያቆም፣ አኀዙ ነገ ሲታረም ምን ሊል ነው? ለሜትር ቄስ ነበር፤ የሮማው ጳጳስ በ1951 የዩኒቨርሱን መጀመሪያ ትምህርት ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ቅር የተሰኘው እሱ ራሱ ነው። የእኛ ሊቃውንትም የአንድን ነገር ህላዌ ማወቅና ባሕርይውን መርምሮ መድረስ አንድ እንዳልሆኑ አስተምረዋል። ፍጡርን ከፈጣሪ ማመሳሰሌ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚረዳ አእምሮ በዚህ አገር ቀድሞ መኖሩን ለማሳየት ነው።

አኀዙ ሊታረም ይችላል ስል እንዲሁ ለማለት አይደለም። በአሪዞና ያለው ዴሲ የተባለው መሣሪያ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችንና ሌሎች ሩቅ የብርሃን ምንጮችን መዝግቦ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውጤት፣ ጨለማ ኃይል ቋሚ ላይሆን እንደሚችል፣ ምናልባትም እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። የጥቆማው ጥንካሬ እንደ አቆጣጠሩ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (ውጤት በአጋጣሚ ያልመጣ መሆኑ የሚመዘንበት መስፈሪያ) ነው፤ ፊዚክስ ግኝት ነው ብሎ የሚቀበለው 5 ሲግማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ «ጨለማ ኃይል ሐሰት ሆነ» የሚል ርዕስ በስልካችሁ ቢመጣ አትመኑት፤ እየተጠየቀ ያለው ጠባዩ ነው እንጂ መፍጠኑ መለካቱ አይደለም።

በመርጡለ ማርያም፣ በቢቸናና በሞጣ ሳይንስ የምታስተምሩ መምህራን ቴሌስኮፕ እስኪመጣ አትጠብቁ። በኅዳር ወር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ተማሪዎቻችሁን ከመብራት አርቃችሁ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙሩና ከፍ አድርገው እንዲያዩ ንገሯቸው። እንደ ትንሽ ጭስ የምትታየው ብርሃን አንድሮሜዳ ናት፤ ሩቢንና ፎርድ የለኳት እሷ ናት፣ ያ ብርሃን ከተነሳም 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። የምትታየው ጥቂቷ ናት፤ አብዛኛው ክብደቷ በዙሪያዋ ተሰውሯል። ሁሉም ጋላክሲ ከእኛ ይሸሻል ብሎ ለሚያስብ ተማሪም መልሷን ይዛለች፤ ከፍኖተ ሐሊብ ጋር በስበት ስለተሳሰረች በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ እየቀረበች ነው።